ጋሽ እንድሪስና የሰኞ ተራ

ጋሽ እንድሪስ ያሲን በኅዳር መጀመሪያ ሐሙስ ቀን ከቀትር በፊት በቤታቸው ዐረፉ። በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እኔ ቀብሩ ሳይደርስ የሰማሁት ከባጃጅ ሾፌር ነው። ከመናኸሪያው አሳፍሮኝ ወደ ቤቴ መታጠፊያ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰና ዞር አለ።

«ጋሼ፣ ቤት ይገባሉ ወይስ በቀጥታ ወደ ለቅሶው ልውሰድዎ?»

«የማን ለቅሶ?»

«የሾፌሩ ነዋ።»

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት። ሾፌር የሌለበት ሰፈር የላትም። ቢሆንም የትኛው ሾፌር ብዬ አልጠየቅሁም። ቀጥታ ንዳ አልኩት።

ይህን የምጽፈው ጋሽ እንድሪስን ለሚያውቁ ሁሉ ነው። የሙት መታሰቢያ የሚባለውን የጽሑፍ ዓይነት ከድሮ ጀምሮ አልወደውም። ሰውየው በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ደግነት ሁሉ ሬሳው ላይ ይከምሩበታል፤ አንብበህ ስትጨርስ እንዲህ ያለ ሰው በእኔ ከተማ ኖሮ ያውቃል እንዴ ትላለህ። ስለዚህ ሳልጽፍ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። የማልችልበት ምክንያት በከተማችን የሚወራ አንድ ወሬ ነው፤ ጋሽ እንድሪስ የሰው አደራ አጥፍተው ሞቱ የሚል። ወሬው ሐሰት ነው። አደራውን ያጠፋው ሌላ ሰው ነው፤ ሰውየውንም አውቀዋለሁ። እስክደርስበት ድረስ ታገሡኝ። የማዘገየው ለጽሑፉ ውበት ብዬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ጉልበታቸው ሳይደክም ተሳቢ የሚጎትት መኪና ነድተዋል። መጀመሪያ በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ፣ አሰብ ሲዘጋ ደግሞ ጅቡቲ። ስኳር የግራ ዓይናቸውን ሲያደክመው መንጃ ፈቃዳቸውን አናድስም አሏቸው። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን መስጂድ ደጃፍ ይቀመጣል፣ ወይም ፍየል ማርባት ይጀምራል። እሳቸው ጌም ቤት ከፈቱ። ኮምቦልቻ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ቤት ሄደው አንድ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጨዋታ አይተው ነበር። ምሳ ቀርቦ ቀዝቅዞ ሳይነሡ እንደዋሉ የእህታቸው ልጅ እየሳቀ ይናገራል። በማግስቱ ሁለት ላም ሸጠው አራት ኮምፒውተር ገዙ። ከተማው ጉድ አለ። ሽማግሌ ሰው፣ ሶላት የማያልፋቸው፣ ዱርዬ የሚሰበሰብበት ቤት ከፈቱ ተባለ።

ዱርዬ ግን እዚያ ቤት መዋል አይችልም ነበር። ሕጋቸው ብዙ ነው። አዛን ሲሰማ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ከትምህርት ቤት የሚመጣ የዕለቱን ደብተር ሳያሳይ አይቀመጥም። ከሁሉ የከፋው በጨዋታው ውስጥ ያለው የትራፊክ ሕግ ነው። ቀይ መብራት የጣሰ ተጫዋች ካለ ከኋላው ቆመው ትከሻውን ይነካሉ።

«ውረድ።»

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ገድለህ ቢሆን ደግሞ ምን ልትለኝ ነው? ውረድ፣ ለሚቀጥለው ልቀቅ።»

ጎልማሳ ሰዎች ሳይቀሩ ወርደው ጥግ ላይ ቆመው ተራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ አወረዱ። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደና በሳምንቱ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ።

ያን ጊዜ ጨዋታዎቹ ሁሉ የተሰረቁ ነበሩ። ቃሉ ይከብዳል፤ እኛ «ኮፒ» ነው የምንለው። ደሴ አንድ ልጅ ጋ ሀርድ ዲስክ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ሞልቶ ይሰጥሃል። አገሪቱ በሙሉ ፊልሙንም ዘፈኑንም ጨዋታውንም የምታገኘው እንዲህ ነው። አንድ ዓርብ ጋሽ እንድሪስ ከጁምዓ ሲመለሱ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጬ አገኙኝ።

«አንተ ደብተራ» አሉኝ። የክርስቲያን ልጅ ስለሆንኩና መጻፍ ስለምወድ ያወጡልኝ ስም ነው። «ይሄ ውስጥ ያለው ጨዋታ ሁሉ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«ገዝቼዋለሁ?»

«ደሴ ካለው ልጅ ገዝተዋል።»

«እሱስ ከማን ገዛው?»

«ጋሽ እንድሪስ፣ የጨዋታው ባለቤት ከሚሴ የምትባል ከተማ መኖሯን እንኳ አያውቅም።»

«አለማወቁ ሐቁን ያስቀረዋል? በረሃ ላይ መኪና ተበላሽቶ ቢቆም፣ ባለቤቱ አያየንም ተብሎ ጭነቱ ይወረዳል?»

ብዙ ተከራከርኳቸው። ኮፒ የድሃ አገር ቤተ መጻሕፍት ነው አልኩ። ይህን ሐሳብ አሁንም አልተውኩትም። እሳቸው ሰምተውኝ ሲያበቁ ገብተው ሀርድ ዲስኩን አጠፉት። ሦስቱን ኮምፒውተር ሸጡና አንዱን አስቀሩ። «የሰው ሐቅ ላይ ተቀምጦ ቢስሚላህ ማለት ምላስ ላይ ይከብዳል» ነው ያሉት። ሚስታቸው እሜቴ ፋጡማ ለሁለት ቀን አላናገሯቸውም። እኔም ከእሜቴ ፋጡማ ጋር ወገንኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ መደብሩ የገቡት። ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት ላይ ትልልቅ የጨዋታ መደብሮች አሉ። በስምህ መዝገብ ትከፍታለህ። የገዛኸው ጨዋታ እዚያ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ በፈለግህ ጊዜ ኮምፒውተርህ ላይ ታወርደዋለህ። ሲዲ የለም፣ ካርቶን የለም፣ የሚጫር ነገር የለም። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ዘሐራ የባንክ ካርድ ባላት ጓደኛዋ በኩል ትገዛላቸው ጀመር። መዝገቡን ለመክፈት ኢሜይል ያስፈልጋል። ጋሽ እንድሪስ ኢሜይል አልነበራቸውም። የኔን ሰጠኋቸው። መደብሩ የሚልከው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ለእኔ እንዲመጣ የሆነው በዚህ ነው።

መደብሩን ወደዱት። ምክንያት ነበራቸው። አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ መጣና ያቺ አንዷ ኮምፒውተር ተቃጠለች። እኔ ተደሰትኩ ማለት ይከብዳል፤ አለመደሰቴን ግን አልምልም። ይኸው ጠፋ ልላቸው ተዘጋጅቼ ሄድኩ። እሳቸው ከኮምቦልቻ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥተው ስማቸውን እየጻፉ ነበር። ስሙን እንዳስገቡ ጨዋታዎቻቸው በሙሉ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው መጡ። ያቋረጡት ጉዞ እንኳ ካቋረጡበት ቦታ ቀጠለ፤ ጭነቱም እንደተጫነ ነበር።

«ደብተራ፣ እስቲ አሁን ተከራከር» አሉኝ።

ችግሩን ግን ደብቄላቸው አላውቅም። ጨዋታው በስልክ ዳታ አይወርድም፤ ቢወርድ ሌላ ላም ያስሸጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሚኒባስ ኮምቦልቻ ይወስዱታል፤ የእህታቸው ልጅ መሥሪያ ቤት የተሻለ ኢንተርኔት አለ። ሁለት ቀን ያድርና ተሞልቶ ይመጣል። ከሚሴ ደርሶ ሲከፈት «አዲስ ማሻሻያ አለ፣ መጀመሪያ ያውርዱ» ይላል። ተመልሶ ይጠቀለላል። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ኮምፒውተር አውቃለሁ፤ ረዳቶቹ ሁሉ ለምደውት «ዛሬም ሕመምተኛው መጣ?» ይሉ ነበር። ዘሐራ ከሪያድ የገዛችው ጨዋታ ደግሞ እዚህ ሲከፈት በአገርዎ አይሸጥም ብሎ የሚያፈጥጥበት ጊዜ ነበር። ተገዝቷል፣ ተከፍሎበታል፣ አይሸጥም።

ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት የባሰ መጣ። መደብሩ በየጊዜው ባለቤቱ አንተ ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ይወዳል፤ ለመመለስ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄጄ ማያው ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምን ሆኑ?»

«ኬላ ላይ ቆሜያለሁ። ወረቀቴ ሙሉ ነው፣ ጭነቴ ሕጋዊ ነው። ፈታሹ ብቻ የለም።»

እኔ ታዲያ የመደብሩን ውል እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ይህን ያደረገ ደንበኛ ብዙ አይመስለኝም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከከተማችን አጠገብ እንዳለው እንደ ጨፋ ረግረግ ጭቃ የሚይዝ ውል ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ገዛሁ የምትለው ነገር ያንተ አይደለም፤ እንድትጠቀምበት ብቻ ፈቅደንልሃል ነው። ይህን በታላቅ ደስታ ነገርኳቸው። የግራ ዓይናቸውን በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ ዓይኔስ የኔ መስሎኝ አልነበር?» አሉ። «አንዱን ባለቤቱ ወሰደው። ሌላው እስኪወሰድ እያየሁበት ነው።»

ውሉ ውስጥ ሌላ አንቀጽም ነበር። መዝገብህን ለሌላ ሰው አታውስ ይላል። አነበብኩት፣ የሞኝ ሕግ ነው ብዬ ናቅሁት፣ አልነገርኳቸውም።

አዋሱት። አሊ ኑርዬ የባቲ ሰው ነው፤ ከጋሽ እንድሪስ ጋር አሰብ መንገድ ላይ ያረጀ ሾፌር። ስኳር ከእሳቸው ዓይን ሲወስድ ከአሊ ቀኝ እግሩን ከጉልበት በታች ወሰደ። ልጁ ትቶለት የሄደ ደህና ኮምፒውተር ነበረው፤ ጨዋታ ግን የለውም። መምህር ከድር ደግሞ ሰንበቴ ከተማ ያስተምራል። ለጨዋታ መግዣ ያጠራቀመው ነበረው፤ ካርድ ያለው ዘመድ ግን አልነበረውም። ዘሐራ የእሱንም ሁለት ጨዋታ በአባቷ መዝገብ ላይ ገዛችለት። ጋሽ እንድሪስ ሁለቱን ሰብስበው ሕግ ደነገጉ። በጨፋ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ተቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። «የኛም መቀናጆ ነው» አሉ። መደብሩ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ስለሚያስገባ ተራ አወጡ። እሑድ ለከድር፣ ሰኞ ለአሊ፣ የቀረው ለከሚሴ።

የሰኞውን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ የአሊ ቤት ከብቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ስለሆነ ስልኩ ውስጥ ግመል ሲያገሳ ይሰማል። አሊ ባቲ ሆኖ ይነዳል፤ ጋሽ እንድሪስ ከሚሴ ሆነው በስልክ ረዳት ይሆናሉ፤ በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምራሉ።

«አሊ፣ አከም ጂርታ? ምን ጫንክ?»

«ነጋ፣ አልሀምዱሊላህ። ሲሚንቶ ነው መሰለኝ። የፈረንጁ ጽሑፍ አይነበብም። አንት እንድሪስ፣ እዚህ አገር ከብት የለም እንዴ? ጧት የጀመርኩ አንድ ፍየል መንገድ አላቋረጠኝም።»

«ከብታቸው ተምሯል። አንተ ፍሬንህን ጠብቅ።»

«ዝናቡስ? መስከረም አይጠባላቸውም?»

«ንዳ አንተ ሰውዬ፣ ሰዓት አለህ።»

አሊ እግር አያስፈልገውም ነበር፤ ነዳጁንም ፍሬኑንም በጣቱ ነው የሚይዘው። እሑድ ማታ ልብሱን አሳጥቦ ሰኞ ጧት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይቀመጣል ብላ ሚስቱ ነግራኛለች። ሥራ እንደሚገባ ሰው።

አሁን ወደፈራሁት ደረስኩ።

አንድ እሑድ ጌም ቤቱ ውስጥ ለወሬ የመጣ ሰው ሞልቶ ሳለ እንደተለመደው ስለ መደብሩ አንሥቼ ተከራከርኩ። በእጅህ ያልያዝከው ያንተ አይደለም፤ አንድ ቀን በሩን ይዘጉብዎታል አልኩ። ረጅም ንግግር ነበር፤ ቆንጆም ነበር። ጋሽ እንድሪስ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«የምትለው ሁሉ ልክ ነው» አሉ። «ግን ደብተራ፣ ያንተን ልክ ነገር ተሳፍሮ የት የደረሰ ሰው አለ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ለማዋረድ አልነበረም፤ ወዲያው ሻይ አስመጡልኝ። እኔ ግን ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ሳለሁ ኢሜይል መጣ። ከማይታወቅ ኮምፒውተር ወደ መዝገብዎ የገባ ሰው አለ፤ እርስዎ ነዎት? ይላል። ሁለት መልስ አለው፤ «አዎ እኔ ነኝ» እና «እኔ አይደለሁም»። የአሊ ልጅ ቀደም ባለው ሳምንት መጥቶ ኮምፒውተሩን አጽድቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ጭኖለት ሄዶ ነበር፤ መደብሩ ስላላወቀው ነው የጠየቀው። ይህን ዝርዝር ያወቅሁት በኋላ ነው። ቀኑ ሰኞ መሆኑን ግን አውቅ ነበር። ሰኞ የማን ተራ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስለ ደኅንነታቸው ተጨንቄ ነው ብል የሚያምነኝ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ለራሴ እንዲያ ብዬዋለሁ።

«እኔ አይደለሁም» የሚለውን ተጫንኩ።

ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ለአንድ ቀን ይዘጋል፤ ይደነግጣሉ፤ ይደውሉልኛል፤ «አላልኩም?» እላለሁ፤ ከዚያ እከፍትላቸዋለሁ። ያን ያህል ነው። አንድ «አላልኩም?» ለማለት።

አልተከፈተም። መደብሩ ባለቤትነትዎን ያረጋግጡ አለ፤ መጀመሪያ የተከፈለበትን ካርድ ጠየቀ። የዘሐራ ጓደኛ ያን ጊዜ ሪያድን ለቃ ሄዳለች፤ ስልኳም አይሠራም። ለመደብሩ ደጋግሜ ጻፍኩ። የሚመልሰው ሰው ይሁን ማሽን አላውቅም፤ ሁሌ ደንበኛችን ስለሆኑ እናመሰግናለን ብሎ ይጀምራል። በመጨረሻ መዝገቡን መርምረው ከተለያየ ቦታ ብዙ ሰው እንደሚገባበት አዩ። ማዋስ ክልክል ነውና ለዘለቄታው ተዘግቷል አሉ። የዘሐራ ስጦታ በሙሉ፣ የከድር ሁለት ጨዋታ፣ የአሊ ሰኞ አብሮ ሄደ።

መልሱን ይዤ ሄድኩና በአማርኛ አነበብኩላቸው። ኢሜይሉን፣ ሁለቱን መልስ፣ ጣቴን አላነሣሁም።

«ውሉ አታዋስ ይላል እንዴ?» አሉኝ።

«ይላል።»

«አንተ አንብበኸው የለ? ምነው ሳትነግረኝ?»

«ረስቼው ነው» አልኩ።

እሳቸውም «እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው። ባለቤቱን ሳልጠይቅ ነው ያዋስኩት። ኮፒውን ትቼ መጥቼ ሌላ ሐራም ላይ ተቀምጬ ኖሯል» አሉ።

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ለመጻፍ አልሞክርም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ነገ እላለሁ አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ነገ የሚሉ ሰው አልነበሩም። የእሑዱን ሰንበቴ ሄደው ከድርን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አሉት። አደራህን አጠፋሁ አሉት፤ የአደራ ወሬው የተጀመረው እዚያ ነው፣ ከራሳቸው አፍ። ሰኞ ባቲ ሄዱ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው በነጠላ ጫማ ነው የሄዱት። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብዬ ተከትያቸው ሄድኩ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነኝ።

አሊ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኖ አጠገቡ ተቀምጧል። ሸሚዙ ንጹሕ ነበር።

«አሊ፣ አውፍ በለኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን አርገኸኝ ነው? ቁጭ በል መጀመሪያ።»

«መንገድህን ዘጋሁብህ። ሕጉን ሳላውቅ ሰጥቼህ፣ በኔ ጥፋት ተነጠቅህ።»

አሊ ትንሽ ሳቀ። «ሁለተኛ መንጃ ፈቃዴን ቀሙኝ በለኛ። የመጀመሪያውን ሲቀሙኝ ማንም መጥቶ አውፍ በለኝ አላለኝም፤ አንተ ነጠላ ጫማ አድርገህ መጣህ።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ሰኞ ሲመጣ እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ፣ እንድሪስ። ይሄን አልደብቅህም። አውፍ ብያለሁ። ረቢም ይበልህ።»

ተቃቀፉ። እኔ መደቡ ላይ ከሁለቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አሊ ለእኔም የግመል ወተት አስቀዳልኝ። ጠጣሁት።

ከዚህ የባሰ አለ። በዚያው ወር ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ መላክ ነበረብኝና ስለ አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ አሮጌ ሾፌር ጻፍኩ። ሰውየው ዘመናዊውን መደብር አምኖ ቁልፉን ለሰው አዋሰ፤ መደብሩም በእጁ ያልያዘው ነገር የራሱ አለመሆኑን አስተማረው። ብዙ ሰው አሞገሰልኝ። ጋሽ እንድሪስ አስነብበው ሰሙት፤ ቆርጠውም ጌም ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሄጄ ሳየው ደነገጥኩ።

«ጽሑፉ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ስሜን ባትጠራውም እኔ መሆኔን አወቅሁ። ሌላው ሰው አንብቦ እንዲጠነቀቅ ብዬ ነው የለጠፍኩት።»

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነበር። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ደራርበው ጥግ ላይ አቁመዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ቤቱ አልተከፈተም። ስኳሩ ወደ ኩላሊታቸው ወረደ፣ ሁለት ጊዜ ደሴ ተኙ። በየሳምንቱ ጠየቅኋቸው፤ በየሳምንቱ ልነግራቸው አስቤ ገባሁ፣ ስለ በቆሎ ዋጋና ስለ ቦርከና ጎርፍ አውርቼ ወጣሁ። አንድ ጊዜ «አንተ ልጅ ከስተሃል፣ ታመሃል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ።

በቀብራቸው ዕለት፣ ሬሳው ከመውረዱ በፊት፣ ታላቅ ወንድማቸው ሐጂ መሐመድ በልማዱ መሠረት ቆመው ተናገሩ። «ጀማዓ፣ እንድሪስ የሰው ሐቅ ካለበት ባለቤቱ ይናገር፤ እኛ አለን። ያስቀየመውም ካለ አውፍ ይበለው።» ሰው ሁሉ አውፍ ብለናል አለ። መምህር ከድር ድምፁን ከፍ አድርጎ «የኔን አደራ አውፍ ብዬዋለሁ» አለ። ለደግነት ነው ያለው፤ ግን ሰው ዞሮ አየው፣ አንዳንዱም ከንፈሩን መጠጠ። ሟቹ የሰው ነገር ይዞ እንደሄደ በዚያች ደቂቃ በብዙ ሰው ፊት ጸና።

ልማዱ የሟቹ ባለዕዳ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም። በጽሑፍ ኖሬ፣ በማያገባኝ ሁሉ ሐሳቤን ሰጥቼ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» የሚል ሦስት ቃል መናገር የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ አፈር ሲወርድ እያየሁ ቆምኩ።

በሦስተኛው ቀን ለዘሐራ ደውዬ ነገርኳት። ከኋላዋ የማላውቀው ቤት ልጆች ይጮሃሉ።

«አባቴ የደወለልኝ ዕለት አልቅሶ ነበር» አለችኝ። «ለጨዋታው አይደለም። ሰው ያመነኝን አጠፋሁ ብሎ ነው።»

«አውፍ በይኝ፣ ዘሐራ።»

«የኔን ልበልህ። አንተ ግን ለኔ በስልክ ነግረህ እንዳትገላገል። እሱ ሰንበቴ ድረስ ሄዷል፣ ባቲ ድረስ ሄዷል። መንገዱን ታውቀው የለ?»

አውቀው ነበር። ሰንበቴ ሄጄ ከድርን ከክፍል አስጠርቼ ነገርኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ተማሪዎቹ ገባ፤ በሳምንቱ ሰው ልኮ አውፍ ብሎኛል አለ። ከዚያ ሰኞ ቀን ባቲ ወረድኩ። አሊ እስክጨርስ ድረስ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ያን ዕለት እዚህ መደብ ላይ ተቀምጠህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ወተት ጠጥተህ ሄድክ።»

«አዎ።»

«ለእንድሪስ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩም።»

አሊ ክራንቹን ስቦ ጭኑ ላይ አጋደመው። «እንግዲህ የኔን ሰኞ አውፍ ብዬሃለሁ። የእንድሪስን እኔ ልልህ አልችልም፣ ባለቤቱ እሱ ነው። የሰማው ሰው ሁሉ ግን የሰማውን እንዲመልስ ማድረግ ትችላለህ። ትጽፍ የለ? ጻፍ። ስምህን ደግሞ እንዳትደብቅ፤ እሱን ደብቀህ አይተነዋል።»

ስሜ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠራል።

ጋሽ እንድሪስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከርዎት እጽፋለሁ። ማዋስዎ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋት ነው ያስባልኩዎት እኔ ነኝ። አንቀጹን አንብቤ የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ በእርስዎ ሐዘን ላይ ቆሜ የተሞገስኩትም እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ሐጂ መሐመድ ዓርብ ከሶላት በኋላ በመስጂዱ ደጃፍ ለተሰበሰበው ሰው እንደሚያነቡልኝ ቃል ሰጥተውኛል። እሜቴ ፋጡማ ሰምተዋል፣ ዘሐራ ሰምታለች፣ ከድርና አሊ ሰምተዋል። ከእንግዲህ በከሚሴም በሰንበቴም በባቲም እውነቱን የማያውቅ ሰው አይኖርም። ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ መጀመሪያ መስማት የነበረብዎት እርስዎ ሆነው ሳለ።

በደህና ይረፉ፣ ጋሽ እንድሪስ። የማንንም አልያዙም።